ዋሾ ብቻ ያለፈበት በር

በአዲስ አበባ ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱ የቀራቸው ትንሽ ጡረታና አንድ ግቢ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ አንዱ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ሌላው ግን ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባው፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ነው። ጡረታው ከመድኃኒትና ከእድር መዋጮ አያልፍም ነበርና የባልቴቷ እንጀራ የሚወጣው ከዚያ ክፍል ኪራይ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

መጀመሪያ የተከራዩት ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ደህና ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ትንሹ ልጅ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ ገነጠለው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው፤ ለሳምንት የተጠራቀመው የሮቶ ውሃ ሌሊቱን ሲፈስ አድሮ የጎረቤትን የጭቃ አጥር ናደ። አባትየው አጥሩን አሠራ፣ ቧንቧውንም አስቀየረ። ቤተሰቡ ከዓመት በኋላ ሌላ ቤት አግኝቶ ሲወጣ ግን ባልቴቷ ደላላውን ጠርተው «ከእንግዲህ ልጅ ያለው ሰው እንዳታመጣብኝ» አሉት።

ቀጥሎ አንድ ወንደላጤ ገባ። ኪራዩን ቀኑ ሳያልፍ ይከፍላል። ዓርብ ማታ ግን ጓደኞቹን ይዞ ይመጣና ባልቴቷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጋቢ ደርበው ወጥተው የግቢውን በር ይከፍታሉ። እሱም ሲሄድ «ላጤም ይቅርብኝ» ተባለ። ከእሱ በኋላ የመጣችው መምህርት ነበረች፤ ደሞዟ ሲዘገይ ኪራይዋም ይዘገያል። አንድ ጊዜ አሥር ቀን ቆየች፣ ባልቴቷም በእነዚያ አሥር ቀናት ከሱቅ ዱቤ ወሰዱ። በዕድሜያቸው ዱቤ ጠይቀው አያውቁም ነበርና እፍረቱ ከገንዘቡ ይልቅ ቆረቆራቸው። መምህርቷ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር «የስድስት ወር ቅድሚያ የማይከፍል አልቀበልም» የሚል ደንብ ተጨመረ። አራተኛው ተከራይ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ሲሆን የአንድ ወር ኪራይ ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፋ። የእሱ አገር ሰዎች ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር እንዳይገቡ ተከለከሉ።

እንዲህ እያለ ባልቴቷ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት ጥያቄ በዛ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ ጉዳት በኋላ የመጣ ስለሆነ ለእሳቸው ሁሉም ትክክል ነበር።

አንድ ክረምት ክፍሉ ባዶውን ቆየ። ሰው ጠፍቶ አይደለም። አንዲት ነርስ ከሥራ እንደወጣች ነጭ ካፖርቷን በክንዷ ይዛ መጣች።

«ልጅ አለሽ?»

«አዎ እትዬ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ።»

በሩ ተዘጋ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ፤ «ስድስት ወር ከየት አመጣለሁ እናቴ፣ የሁለት ወር ግን ቆጥቤ ይዣለሁ፣ ደሞዝ የሚደርሰኝም ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነው» አለ። እሱም ተመለሰ። አንድ ወጣት መሐንዲስ አገሩን ሲጠይቁት አገሩን ተናገረ፤ ባልቴቷም ቤቱ ተይዟል አሉት። ሌላዋ ወንድሜ አልፎ አልፎ ከክፍለ ሀገር እየመጣ ያድራል ብላ ሳትጠየቅ ተናገረች። እነዚህ ሁሉ እውነቱን ተናገሩ፣ እውነቱን በመናገራቸውም ከበር ተመለሱ።

በመጨረሻ ደላላው አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው።

«ልጅ?»

«እግዚአብሔር ገና አልሰጠንም።»

«ላጤ ነህ ማለት ነው?»

«የለም እትዬ፣ ባለቤቴ አገር ቤት እናቷን እያስታመመች ነው፣ በቅርቡ ትመጣለች።»

«መጠጥ?»

«አልቀምስም።»

አገሩን ሲጠይቁት ባልቴቷ የተወለዱበትን ወረዳ ጠራ፤ ደላላው መንገድ ላይ ነግሮት ነበር። ስለ ቅድሚያው ሲያነሱ አልተከራከረም። በወር 4 ሺህ ብር፣ የስድስት ወር 24 ሺህ ብር ከጥቁር ፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ዋስ ሲባል ከበር ውጭ የሚጠብቅ ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛውም ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «ለእገሌ ዋስ ነኝ» ብሎ ፈረመ። ባልቴቷ ያን ዕለት ማታ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ አመሰገኑ።

በሳምንቱ ሦስት ሴቶች መጡ። «እህቶቼ ናቸው፣ ሥራ እስኪያገኙ ነው» አለ። ከሴቶቹ ጋር ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ስድስት ባለ ክዳን ባልዲና ሁለት ኩንታል ዱቄት ገባ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የእንጀራ ጭስ ከሰርቪሱ መስኮት ይወጣል፤ ጎህ ሲቀድ አንድ ባጃጅ መጥቶ እንጀራውን ለምግብ ቤቶች ይወስዳል። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይስባል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ለአንድ አምፖልና ለአንድ ቴሌቪዥን ታስቦ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ሊሸከመው አይችልም። በሦስተኛው ሳምንት ሶኬቱ ጠቆረ። ከዚያ ዙሪያው ያለው ግድግዳ ቀለሙ ተላጦ ቡናማ ሆነ፣ ፕላስቲኩም ቀልጦ እንደ ሰም ወደ ታች ወረደ። ብሬከሩ ሲወድቅ ሰውየው ሄዶ መልሶ ያነሣዋል፤ ደጋግሞ ሲወድቅበት ብሬከሩን አልፎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። የካርድ ቆጣሪው ለወር ይበቃ የነበረው ሒሳብ በአምስት ቀን ያልቅ ጀመር።

ባልቴቷ ይህን ሁሉ ያያሉ። ለምን ዝም አሉ? ገንዘቡ ስለሌለ ነው። 24 ሺህ ብሩ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ለዋናው ቤት ቆርቆሮና ለአናጢ ወጥቷል። ሰውየውን «ውጣልኝ» ቢሉ ያልኖረበትን አምስት ወር መመለስ ሊኖርባቸው ነው፣ የሚመልሱት ደግሞ የላቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ድፍረት አግኝተው ስለ ሶኬቱ ሲያነሡ እሱ በትሕትና «እትዬ፣ ካልተመቸሁዎት ቀሪውን ይመልሱልኝና እወጣለሁ» አላቸው። ከዚያ በኋላ አላነሡም።

ስድስቱ ወር አለቀ። ሰባተኛው ወር ገባ፣ ኪራይ የለም። «ዛሬ ነገ» እያለ ስምንተኛው ገባ። የዋሱን ስልክ ደወሉ፤ ቁጥሩ አይሠራም። በዘጠነኛው ወር አንድ ሌሊት ባልቴቷ እንቅልፍ አጥተው አድረው ጠዋት ተነሡና የሰርቪሱን መብራት ቆረጡ፣ ሰዎቹ ወደ ገበያ ሲወጡም በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ሰቀሉበት። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ፖሊስ ይዞ መጣ። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ባልቴቷንም አክብሮ ነው ያናገራቸው፤ ቢሆንም «እናቴ፣ ሰውየው ውል አለው፣ ንብረቱም ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ሳያዝ ቤት አይታሸግም፣ ይክፈቱለት» አላቸው። ባልቴቷ በራሳቸው ግቢ፣ ጎረቤት እያያቸው፣ የገዛ ጓጉንቸራቸውን ፈቱ።

በዚያ ሰፈር እድር ጸሐፊ የሆኑ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባልቴቷ ወረቀቶቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዱላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የዋሱን ወረቀት ከፊት አዩት፣ ገልብጠው ከኋላ አዩት።

«እህቴ፣ ይኼ ሰው ለስንት ብር ነው ዋስ የሆነው?»

«ለሁሉም ነዋ፣ ጋሼ።»

«ለሁሉም የሚባል ዋስትና የለም። የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ካልተጻፈ ሕጉ አያውቀውም። ይኼ ቢገኝም አይከፍልም።»

ከዚያ የኪራዩን ውል አዩ። ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተከራየ አይናገርም፤ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አይናገርም፤ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር አይናገርም። ያለው ስም፣ የብር ቁጥርና ሁለት ፊርማ ብቻ ነው። «ክስ አዘጋጃለሁ፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። እስከዚያው በሽማግሌ እንሞክር» አሉ።

የክሱ ወረቀት እየተጻፈ ሳለ ነው እንግዲህ ከሌላ ሰፈር አንድ ሰው የባልቴቷን በር ያንኳኳው። ጠና ያለ ሰው ነው። «እርስዎ ግቢ የሚኖር ሰው የእኔን ቤት ሊከራይ ጠይቆኛል። ደላላው ጨዋ ነው አለኝ። ደላላ የሚያመሰግነውን ሰው ከሚኖርበት ግቢ ሄጄ መጠየቅ ልማዴ ነውና እንዴት ያለ ሰው ነው?» አላቸው።

ባልቴቷ ለጊዜው መልስ አልሰጡም። «ጨዋ ነው» ቢሉ ሰውየው በማግስቱ ይወጣል፤ ክስ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ የጠቆረ ሶኬት የለ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣቸው ጭንቀት ሁሉ በሁለት ቃል ሊያልቅ ነው። እንግዳውን አስገቡት፣ ወንበር ሰጡት፣ ቡና አቅርበው ሲጨርስ ተነሥተው ወደ ሰርቪሱ ወሰዱትና ሶኬቱን አሳዩት። የሦስት ወር ኪራይ እንዳለበትም ነገሩት። እንግዳው አመስግኖ፣ ትከሻቸውን ስሞ ሄደ።

ደላላው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ምን ዓይነት ሞኝነት ነው እትዬ! እጅዎ ላይ የገባውን መውጫ ለምን ዘጉት?» ባልቴቷም «እኔ እንደ እሱ ሄጄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የምፈልገው እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ነበር» አሉት።

እውነቱን መናገራቸው ዋጋ አስከፈላቸው፤ ሰውየው ሁለት ወር ጨምሮ ተቀመጠ። በመጨረሻ በእድሩ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነገሩን የፈቱት እንጀራ ጋጋሪዎቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋቸው እህቶቹ እንዳልሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለእሱ በየወሩ 3 ሺህ ብር ኪራይ እንደሚከፍሉ ተናገሩ። ባልቴቷ ኪራይ ሲጠብቁ እሱ ከእሳቸው ክፍል በወር 9 ሺህ ብር ይሰበስብ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰውየው ክሱን አይቶ ለመክፈል ተስማማ፤ ሽቦውን አስቀይሮ፣ የሁለት ወር ኪራይ ከፍሎ፣ በተቆረጠለት ቀን ሊወጣ፣ የቀረውን ሦስት ወር ባልቴቷ ሊተዉለት በወረቀት ሰፍሮ ምስክር ፈረመበት። በቀኑም ወጣ።

ቀጣዩ ተከራይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ባልቴቷ ስለ ልጆቹ ቁጥር እንጂ ስለ አገሩ አልጠየቁም። «ከዚህ በፊት የት ነበርክ? ከዚያ በፊትስ?» ብለው የሁለቱን አከራዮች ስልክ ወሰዱ። የአሁኑ አከራይ አመሰገኑት። የቀድሞው ግን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ይዘገያል። በየወሩ አምስት ስድስት ቀን ያሳልፋል። ግን ሳይጠየቅ ይመጣል፣ ሳይከፍል የቀረበት ወር የለም» አሉ። ባልቴቷ የኪራዩን ቀን ወር በገባ በሰባተኛው ቀን አደረጉትና ቁልፉን ሰጡት።

ምሳሌው ይኸው ነው።

የምሳሌያችን ባልቴት ክፉ ሴት አይደሉም፤ አንድ ክፍል አከራይተው የሚኖሩ፣ አንድ መጥፎ ተከራይ ኑሯቸውን ሊያናጋው የሚችል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማችን አሉ። ሐሳቤን የያዘው በራቸው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ስለ ሰውየው ማንነት የሚጠይቅ ነበር፤ ወላድ ነህ፣ ላጤ ነህ፣ አገርህ የት ነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ይባረራል፤ በበቂ ብዛት ሲደራረብ ደግሞ ሁሉንም ሊያልፍ የሚችለው መልሱን ቀድሞ የተማረ ሰው ብቻ ይሆናል። አገሩን ተጠይቆ በመናገሩ ከበር የተመለሰው ወጣት መሐንዲስ ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ስንት ጨዋ ሰው ቤት ሲፈልግ ስሙን እንደሚደብቅ የቤት ፈላጊ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ ነውርነቱንም ማለባበስ አይገባም።

ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው ያደረገውን ነው። ከየት ወጣህ? ለምን ወጣህ? ኪራይህን እንዴት ትከፍል ነበር? ምን ሠርተህ ትኖራለህ? ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ? ይህን ራሱን ከጠየቁ በኋላ ካከራየው ሰው ማረጋገጥ ነው። እዚህ ላይ ባልቴቷ ያደረጉት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የአሁኑን አከራይ ብቻ ጠይቀው አልተመለሱም። የአሁኑ አከራይ ተከራዩ እንዲወጣለት ሲል ሊያመሰግነው ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረው ግን የሚያተርፈውም የሚያጣውም ነገር የለውም፤ እውነቱ የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው።

ስለ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ብዙ አከራዮች አይስማሙኝም ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሲገድብ «መተማመኛችንን ወሰደብን» ያሉ ነበሩ። የእኔ እምነት ግን ሌላ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ያጠፋ አከራይ ለስድስት ወር ባለዕዳ ነው። ሶኬቱ ሲጠቁር፣ እንግዳው ሲበዛ አፉን ከፍቶ መናገር የማይችለው ለዚህ ነው። ጥፋት በጊዜ የሚታረመው ደግሞ በመጀመሪያው ወር ነው። ባልቴቷ በሦስተኛው ሳምንት «ምጣዱ ይውጣ» ለማለት ነፃ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ባልደረሰ። ትልቅ ቅድሚያ ሊከፍል የሚችል ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ብሩ ግን ስለ ሰውየው ጠባይ የሚመሰክረው ነገር የለም፣ የጥበቃ ሠራተኛው የያዘው የሁለት ወር ቁጠባ ይሻል ነበር።

ወረቀት የሚፈራው አከራያችን ለፍርሃቱ ምክንያት አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፣ የአከራይና ተከራይ ግንኙነትም እንዲያከትም ተደረገ። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ያንን ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው «አከራያለሁ» ብሎ መፈረም ይከብደዋል፤ የኪራይ ገቢ ግብርም ይጨመርበታል። ከዚህ የተነሣ ውሉን በቃል ወይም በተቀደደ ወረቀት ላይ ያደርገዋል። የሚጎዳው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ችግር የመጣ ቀን ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ነገር የለውም።

ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም በሚመለከተው አካል እንዲመዘገብ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ኪራይ የማይከፍልን ወይም ቤቱን ከመኖሪያነት ውጭ ያዋለን ተከራይ ውል አከራዩ ማቋረጥ እንደሚችልም ይደነግጋል። የባንክ ደረሰኝ ያላቸው ባልቴት «ሦስት ወር አልከፈለኝም» ሲሉ ማስረጃቸው በእጃቸው ነው። የዋስትናውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ እንደሌለው ስለሚደነግግ በወረቀቱ ላይ «እስከ 20 ሺህ ብር ድረስ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ መሆኑ፣ የነዋሪው ቁጥር፣ የመብራትና የውሃው ሒሳብ፣ ለሌላ ሰው ማከራየት ክልክል መሆኑ፣ ሲገቡ የቤቱ ሁኔታ ምን እንደነበር ይጻፍ። እነዚህን ማስፈር ተከራዩን መጠርጠር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ጨዋ ተከራይ ግን በተጻፈ ውል አይከፋም፤ እሱንም ካላግባብ ጭማሪና «ነገ ውጣ» ከሚል አከራይ የሚጠብቀው ይኸው ወረቀት ነው።

አዋጁ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ማድረጉ ደግሞ የምርጫውን ነገር ከበፊቱ ይልቅ አክብዶታል። በአንድ ሰዓት ወሬ፣ በጫማ መወልወልና በደላላ ምስጋና ተመርጦ የገባ ሰው ለሁለት ዓመት ጎረቤትህ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ይዞ፣ መታወቂያ አይቶ፣ የሚሠራበትን ቦታ ጠይቆ፣ ከሚኖርበት ግቢ ድረስ ሄዶ መመለስ የአንድ ቀን ድካም ቢሆን አይበዛም።

ችግር ከመጣ በኋላ ስላለው ነገር ሁለት ቃል ብቻ። ጓጉንቸር አይሰቀል፣ መብራትና ውሃ አይቆረጥ። ሕጉ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛውን ሰው ተበዳይ አድርጎ በገዛ ግቢህ የሚያቆመው ይህ ስለሆነ ነው። የዘገየ ኪራይ ቀኑ ባለፈ ማግስት ይጠየቅ፣ መልሱ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይያዝ። ሰውየው በእርግጥ ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ከሆነ በክፍል በክፍል እንዲከፍል ተስማሙ፤ ይህ ደካማነት አይደለም። የሚያታልል ከሆነ ሽማግሌና ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ሽማግሌ ያለ ክስ ሲሆን የሚለምን፣ ክስ ተዘጋጅቶ ሳለ ሲሆን ግን የሚያስማማ ይሆናል። የቀረ ገንዘብ ትቶ ቤትን መልሶ ማግኘት አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም የተሻለው ትርፍ ነው፣ ባልቴቷ ሦስት ወር መተዋቸው በእኔ ዓይን ብልህነት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልለምንህ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ አንተ አከራይ የሆንክ አንባቢ። የከተማችን ቤት ፈላጊ በደላላ አፍ የሚመዘንበት ጊዜ የሚያበቃው አከራዮች እርስ በርሳችን እውነቱን ስንነጋገር ነው። ነገ ስለ ተከራይህ አንድ የማታውቀው ሰው ደውሎ ቢጠይቅህ፣ ሰውየው ስለሰለቸህና ቶሎ እንዲወጣልህ ስለፈለግህ ብለህ አታመስግነው። ተቀያይማችሁ ከሆነም ያላደረገውን አትጨምርበት። ከፈለ ወይ? ቤቱን እንዴት ይዞት ነበር? እንዴትስ ወጣ? እነዚህን ብቻ እንዳየኸው ንገረው። የሚዘገይ ነገር ግን የሚከፍል ሰው ከሆነ ሁለቱንም ተናገር፤ ያ ሰው ለልጆቹ ቤት የሚያገኘው በዚህ ምስክርነትህ ነው።